ኩለኒ ያልማለችበት ቅዳሜ

የሰንበት ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተከበረ ዕለት ልጆቹ እኔን ከፊት አስቀምጠው አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ አደረጉልኝ። የድሮ እናት እንዲህ ነው የምትከበረው ብሎ ማን እንደነገራቸው እንጃ። ቅቤው በፌስታል የመጣ ነው፣ የኮባ ቅጠል እንደሆነ ቀርቷል። ቢሆንም ቅቤ ቅቤ ነውና፣ የረፋዱ ፀሐይ ሲያገኘው ቀለጠና በጆሮ ግንዴ፣ በአንገቴ እየተንቆረቆረ ነጠላዬ ውስጥ ገባ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ልጆቹ ፀሐይ መታት ብለው ጥላ ያዙልኝ፣ ውኃ አመጡልኝ። ፀሐይ አልነበረም።

በፍሬም የተሠራ ወረቀትም ሸለሙኝ። «የመልካም ጠባይ እናት» ይላል። ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዷን ፊደል በጣቴ እየነካሁ ነው ያነበብኩት። ከዚያ አንዲት ቀጭን ልጅ ድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ ደቅና፣ «እማማ የሺ፣ ይህን የመሰለ ጠባይ ከማን ተማሩት?» አለችኝ። «ከእናቴ ነዋ፣ ልጄ» አልኩ። ተጨበጨበ፣ እልል ተባለ። ውሸቴን ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጎረቤት የምታስለቅስ ቁጡ ሴት ነበረች፤ ከሷ የወረስኩት የጉልበት ሕመም ነው። መልካም ጠባይ ምን እንደሚመስል ያሳየችኝ ሌላ ሴት ናት። ስሟን ከአርባ ዓመት በላይ ካፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ያን ዕለትም እንኳ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በእግዚአብሔር ቤት ደጅ ላይ ሆኜ ዋጥኩት።

አሁን ነቀምቴን የሚያያት ሰው የያን ጊዜዋን አያውቃትም። ዛሬ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ከቤቴ በር ላይ ቆሜ የማየው ፎቅና ባጃጅ ነው። ያኔ ግን ክረምት ሲገባ ቀዩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጥ ነበር፤ ቡና የጫኑት ትሬንታ ኳትሮ መኪኖች መሃል ከተማ ላይ ተቀርቅረው ሹፌሮቹ ጎማ ሥር የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲያነጥፉ መዋል ነው። እኛም ዣንጥላ ይዘን እንስቅባቸዋለን። ወንዱ ካኪ ሱሪ፣ ሴቱ አቡጀዲ፤ ያለው ፖፕሊን ይለብሳል። የጎማ ጫማ ያላት ጭቃው ካለቀ በኋላ እግሯን አጥባ ነው ቤተ ክርስቲያን ደጅ የምታጠልቀው። በስሙኒ ጨውም ክብሪትም ገዝቶ፣ በተረፈችው ለልጅ ከረሜላ መያዝ ይቻል ነበር። ወላጆቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን አፌን የፈታሁት ከኦሮሞ ልጆች ጋር ነው፣ በሁለቱም ቋንቋ እስቃለሁ፣ በሁለቱም እሰድባለሁ። ገበያው እንደዚያ ነበር፤ ዋጋ በአንዱ ተጠርቶ በሌላው ይቆረጣል። ከዓረቡ ሱቅ ራዲዮኑ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል፣ ከወዲያ ማዶ ደግሞ የሚሲዮን ሰዎች መዝሙር ሲለማመዱ ይሰማል። ሁለቱ ዜማ መሃል መንገድ ላይ ተገናኝተው ሲጋጩ ኩለኒ፣ «ዛሬ ደግሞ የማን ያሸንፍ ይሆን?» እያለች ታስቀኝ ነበር።

ኩለኒ ማለት ያቺ ስሟን የዋጥኩት ሴት ናት። በቅቤው ተራ ስምንት ሴቶች ነበርን፤ እሷና እኔ ጎን ለጎን፣ አንድ ጆንያ ለሁለት አንጥፈን እንቀመጣለን። ከስምንታችን የሚሲዮን ሰው፣ ማለት የወንጌል አማኝ፣ እሷ ብቻ ነበረች። ሥራችን ቅዳሜ በማለዳ ከኡኬ በኩልና ከሌላውም ገጠር የሚመጡትን ሴቶች ከተማው ዳር ወጥተን መጠበቅ ነው። በቅል የያዙትን ለጋ ቅቤ እንገዛቸዋለን፣ አጥበን፣ አድቦልቡለን፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለን እንሸጣለን። እኛ ሌሎቻችን ሁለት ጊዜ አለቅልቀን እንጠቀልላለን፤ እኔ ደግሞ ጨው ነካ አደርግበታለሁ። ኩለኒ ግን ውኃው እንደ ምንጭ ጠርቶ እስኪቀር ድረስ ታጥባለች። «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አልቆ ውኃ ሊሆን ነው!» ስንላት፣ «የሚያልቀው ቆሻሻው ነው» ትለናለች። የጥቅልሏን አፍ የምታስረው በቃጫ ነው፣ ቋጠሮዋም ለብቻው ነው፤ ነቀምቴ ውስጥ ያች ቋጠሮ ከታየች ማንም ቅጠሉን ገልጦ አያይም። አዲስ ገዢ ሲመጣባት ደግሞ በጥፍሯ ትንሽ ቆንጥራ ማንኪያ ላይ ታደርግና ከሥሩ ክብሪት ትለኩሳለች። ቀልጦ እንደ ማር ወለል ሲል፣ «ታች ምን ይታይሃል?» ትላለች። «ምንም።» «እንግዲያው ውሰድ።» ለዚህ ስትል በየሳምንቱ አንድ ባኮ ክብሪት ትጨርስ ነበር። «የክብሪቷ ሴትዮ» ነበር የሚሏት።

አንድ ሌላ ወግ ነበረን፤ የዛሬ ሰው ቢሰማው ሞኝነት ይለዋል። ለቅሶ ሲኖርብሽ፣ ልጅ ሲታመምብሽ፣ ንግሥ ሲሆን፣ ቅቤሽን ለጎረቤትሽ ትተሽ ትሄጃለሽ። እሷም እንደ ራሷ አድርጋ፣ በራሷ ቋጠሮ አስራ፣ በራሷ ስም ትሸጥልሻለች። የአደራ ቅቤ አይፈተንም። ጎረቤትሽ የተወችልሽን ከፍቶ ማየት፣ ማሽተት፣ በክብሪት ማቅለጥ ትልቅ ነውር ነው፤ «አላምንሽም» ብሎ ፊቷ ላይ ከመትፋት አይለይም። «የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅም፣ አደራ ተቀባይ «የኔ ነው» ነው የምትለው። ከእጇ ከወጣ የእሷ ነው።

እንግዲህ ወደ እኔ ልምጣ። ዓረቡ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሻሽ ተሰቅላ ነበር። ቢጫ ናት፣ ዳር ዳሯ ቀይ አበባ። አራት ብር ከስሙኒ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አንገቴ አብሯት ይዞራል። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬ ነበር፤ ባሌ ለልጁ ልብስ እንጂ ለሻሽ የሚሰጠኝ የለውም። ጥምቀት ደግሞ እየደረሰ ነው። ባል ያጣሁ አይደለሁ፣ የተራብኩ አይደለሁ፤ ሰው ሲያጠፋ ምክንያት እንዲኖረው እንኳ ይፈልጋል፣ የኔ ምክንያት ሻሽ ናት። አንድ ዓርብ ማታ ድንች ቀቀልኩ። ልጬ፣ በወንፊት አሽቼ፣ አለስልሼ፣ ከቅቤው ጋር ለወስኩት። ቀለሙ አንድ ሆነ። በጣቴ ዳስሼ ራሴን ራሴ አደነቅሁት፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ!

ሲነጋ ግን እጄ ፈራ። ኩለኒ አጠገብ ተቀምጬ እንዴት እሸጠዋለሁ? ገዢ ቢመጣና በክብሪት አሳዪኝ ቢለኝስ? ያን ዕለት ንግሥ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ለብሼ ሄድኩና፣ «ኩለኒ፣ እህቴ፣ ንግሥ ልስም ነው፤ ይቺን እዪልኝ» አልኳት። «ሂጂ፣ ለኔም ጸልዪልኝ፤ ምንም ብንለያይ ጌታው አንድ ነው» ብላ እየሳቀች ጥቅልሉን ከእጄ ተቀብላ ጉልበቷ ሥር አስቀመጠችው። አልከፈተችውም። እንደማትከፍተው አውቄ ነው የሰጠኋት። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ ኃጢአቴን የሸሸግሁት በእሷ ጨዋነት ውስጥ ነው። እኔ ታቦት አጅቤ እልል ስል፣ እሷ ቅቤዬን በቋጠሮዋ አስራ ሸጠችው። ከሰዓት ገንዘቡን አንዲት ሳንቲም ሳታጎድል ሰጠችኝ፤ እኔም በቀጥታ ወደ ዓረቡ ሱቅ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻሼን አስሬ ገበያ ወጣሁ። «ውይ ውይ፣ ኦቦሌቲ ኮ! ሙሽራ መስለሻል!» አለችኝ ኩለኒ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ዳሩን በእጇ ዳስሳ አስተካከለችልኝ። እጇ ገና ከራሴ ሳይወርድ ነው ወይዘሮ ብርቄ የደረሰችው። ወይዘሮ ብርቄ የአንድ መምህር ሚስት ናት፣ ደንበኛችን። ድስት በሁለት እጇ አቅፋ፣ ከሩቅ እየጮኸች መጣችና ድስቱን ኩለኒ ፊት ዘፍ አደረገችው።

«ተመልከቺው! ባሌ አለቆቹን ምሳ ጠርቶ፣ ለዶሮው ቅቤ ላንጥር ብል ጉድ ፈላ! ድንች ነው እንዴ የምትሸጡልን? ቤቱ ድንች ድንች ሸቶ፣ በሰው ፊት አፈር በላሁ እኮ!»

ከድስቱ ሥር ድንቹ አሮ ተጣብቋል። ተራው ሁሉ ተሰበሰበ። ኩለኒ ጎንበስ አለች፣ በጣቷ ጠረግ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ድንች ነው» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይክዳል፣ «ድስትሽ ነው፣ ውኃሽ ነው» ይላል።

«ከማን እጅ ነው የገዛሁት?»

«ከኔ እጅ ነው፣ ወይዘሮ ብርቄ።»

ያን ጊዜ የሴቱ አፍ ተከፈተ። «የሚሲዮን ቅቤ! በመዝሙር የተለወሰ!» አለች አንዷ። «የክብሪቷ ሴትዮ፣ ክብሪቱን ዛሬ የት አደረግሽው?» አለች ሌላዋ። ለስንት ዓመት በዚያች ክብሪት ሲያፍሩ የኖሩ ናቸውና አሁን ጮቤ ረገጡ። ኩለኒ ግን ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ የለባት፣ ልመና የለባት። በሩን ከፍታ እንግዳ የምትጠብቅ ሴት ነበር የምትመስለው።

የገበያውን ጠብ የሚዳኙት ኦቦ ገመዳ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ በከዘራቸው መሬቱን መታ ካደረጉ ገበያው ጸጥ ይላል። ተጠርተው መጡ።

«ኩለኒ፣ ልጄ፣ ቀይጠሻል?»

«አልቀየጥኩም፣ አባ።»

«እንግዲያው ማዪና ይለቅ።»

«ሂን ከካዱ፣ አባ። አልምልም። ጌታ አትማሉ ብሎናል። አልቀየጥኩም ካልኩ፣ አልቀየጥኩም ነው።»

«ልጄ፣ በቤተ ጸሎትሽ ልክ ነሽ። ገበያ ግን የሚተዳደረው በመሐላ ነው። ማዪና ወደ ሥራሽ ተመለሺ።»

«አልችልም፣ አባ።»

«ያንቺ ካልሆነ የማን ነው ታዲያ?»

«የቀየጠችው ታውቃለች። ትናገር።»

ኦቦ ገመዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። እርጥብ ሳር አስነቅለው መሃል ላይ አስቀመጡና የቅቤው ተራ ሴቶች በሙሉ አንድ በአንድ ሳሩን እየያዙ እንዲምሉ አዘዙ። አንዷ ማለች። ሁለተኛዋ ማለች። እነሱ ምን አለባቸው፣ እውነታቸውን ነው። እኔ መጨረሻ ነበርኩ። ሻሿ ራሴን እንደ ብረት ጨምድዳ ያዘችኝ። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ሳሩን አነሳሁ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን፣ «ማርያምን! ሚካኤልን! እኔ ቀይጬ ከሆነ ይሄ ማሕፀኔ ውስጥ ያለው አይወለድ!» የሚል ነበር። ማንም እንዲህ አድርገሽ ማዪ አላለኝም። «ማርያምን» ብቻ ብል ይበቃኝ ነበር። ሐሰት እንደሆነ ሁሌም ትርፍ ታበዛለች።

ኩለኒ ያን ጊዜ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ጎንበስ ብላ ጆንያውን መጠቅለል ጀመረች። ጆንያው የሁለታችን መሆኑ ትዝ ሲላት መልሳ ዘረጋችልኝ።

ሰባት የማለ፣ አንዲት ያልማለች፤ ፍርዱ ቀላል ነበር። ኦቦ ገመዳ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ እያዘኑ ነው፣ «ከተራው ውጪ» ያሏት። እኔ ምስኪኗ ነፍሰ ጡር ግን ከፀሐይ ተነሺ ተባልኩ፣ ውኃ አጠጡኝ። ወይዘሮ ብርቄ እንኳ ከዚያ ወዲያ ቅቤ የምትገዛው ከኔ ሆነ። «የሺ እኮ ማርያምን ካለች አለች ነው» ትላለች ለሰው ሁሉ። ኩለኒ ጥቂት ወራት እንጀራ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ስትል ከረመች፤ እንቁላል ይዛ ብትወጣ እንኳ «ውስጡስ ድንች ይሆን?» እያሉ ሳቁባት። ከዚያ ወደ ባሏ አገር፣ ወደ ኑኑ ቁምባ፣ ገቡ ተባለ። ሲሄዱ አልሸኘኋትም። ከአጥር ኋላ ሆኜ ነው ጓዟን በአህያ ስትጭን ያየኋት።

ልጄ ደህና ተወለደ፣ ወፍራም፣ ጤነኛ። ያታለለኝ እሱ ነው። መብረቅ ይወርድብኛል ስል ምንም አልወረደብኝም፤ እግዚአብሔር ረሳልኝ አልኩ። ሻሿን ግን ራሴ ላይ መልሼ አላሰርኳትም፤ ሣጥን ውስጥ አይጥ በላት። ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ደግ አባት ነበሩ፤ ይሄን ያህል ስገጂ፣ ይሄን ያህል ጹሚ፣ ከዚያም ሄደሽ ለሴትየዋ ተናገሪና የሰማው ሰው ፊት ስሟን መልሺላት አሉኝ። ስግደቱን ሰገድኩ፣ ተረከዜ እስኪሰነጠቅ። ጾሙን ጾምኩ፣ ጨምሬም ጾምኩ። የቀረችዋን አንዲት ነገር ብቻ ተውኳት። እሷን ላለማድረግ ስል ሌላውን መልካም ነገር ሁሉ አበዛሁት፤ ድኻ አበላሁ፣ የታመመ ጠየቅሁ፣ ማኅበር ጠጣሁ፣ ጠብ አስታረቅሁ። ሰው ጠባይ ይለዋል። እኔ የማውቀው ከአንዲት እውነት ስሸሽ የተረገጠ መንገድ መሆኑን ነው። ልጆቼን፣ «ስማችሁን ጠብቁ» እያልኩ አሳደግሁ። ስማቸውን ይጠብቃሉ፤ ትልቁማ የሰውን ቀብሮም ቢሆን የራሱን ይጠብቃል። ከማን ተማርከው ብዬ አልጠየቅሁትም።

ያን የበዓሉን ዕለት «ከእናቴ ነዋ» ብዬ ከዋሸሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኩለኒ ኑኑ ቁምባ በሕይወት እንዳለች ከአንድ የዚያ አገር ሰው ሰማሁ። በጸጥታው ምክንያት መንገዱ በተዘጋባቸው ዓመታት ለምን አልሄድሽም ብትሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰበብ ነበረኝ። አሁን መኪናው ይሄዳል። ስኳርና ቡና ቋጠርኩ፣ ቋጠሮውን ይዤ ስሄድ ደግሞ አፈርኩ፤ በስኳር ልሸነግላት ነው?

ደጇ ላይ ስደርስ «ኤንዩ? ማነው?» ብላ የወጣችው ልጇ ሌንሴ ናት፣ ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። ስሜን ስነግራት ፊቷ ተዘጋ። ከውስጥ ግን ያ የማውቀው ድምፅ፣ «የሺ ናት? ኮቱ፣ ኮቱ! ነይ ግቢ!» አለ።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ደህና ነው። እጄን ይዛ ሳመችኝና ፊቴን በጣቷ ዳሰሰችው። «አንቺ ደግሞ ስታረጂ አፍንጫሽ ረዘመ?»

«አንቺም ጥርስሽን የት አደረግሽው?»

«ነቀምቴ ገበያ ተውኩት!» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። መሬት ላይ ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሻሿን፣ ወንፊቱን፣ እንደማትከፍተው አውቄ መስጠቴን።

«አውቃለሁ እኮ» አለች። «በጣቴ ስቀምሰው ነው ያወቅሁት። የአንቺ ጨው ያለበት ነበር፤ አንቺ ነበርሽ ጨው የምትነካኪው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አደራ ነዋ። ደግሞ ትናገሪያለሽ ብዬ። አንዷ ስትምል፣ ሁለተኛዋ ስትምል፣ አሁን የሺ ትደርሳለች፣ አሁን ያበቃል እያልኩ ነበር።» ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። «ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጣለች አልኩ። ከዚያ ስትወልድ ትመጣለች አልኩ። ከዚያ ይቅር አልኩሽ፤ መጠበቁ አደከመኝ።»

«ለባልሽስ አልነገርሽውም?»

«ለሱማ እንዴት እነግረዋለሁ? ቁጣውን ታውቂዋለሽ። እርጉዝ ነበርሽ፤ መጥቶ ቢያዋርድሽ፣ ደንግጠሽ ቢያስወርድሽስ?»

ሌንሴ በሩ ላይ ክንዷን አጣምራ ቆማ ነበር። «ንገሪያት እንጂ፣ ሃርሜ» አለች እናቷን። ሳትጠብቃት ራሷ ነገረችኝ። «አባቴ እስኪሞት ድረስ እናቴን አላመናትም። ያልቀየጥሽ ከሆነ ለምን አልማልሽም፣ የማን እንደሆነስ ለምን አትነግሪኝም ይላታል። ምሳው ላይ ቅቤ ስታደርግለት፣ እፊቷ እያሸተተ ነበር የሚበላው። በየቀኑ። እኔ እያየሁ አደግሁ።»

«ዲሲ፣ ሌንሴ፣ ተዪ አንቺ ልጅ» አለች ኩለኒ። «እግዚአብሔር ያውቅ ነበር። ይበቃኛል።»

«ላንቺ ይበቃሻል። እኔ ግን አልበቃኝም። እሷ ይቅር ብላሻለች፣ እማማ፤ እኔ ገና አላልኩም። የተሰደበችው በገበያ ነው። እዚህ ጓዳ ውስጥ ተንበርክከሽ የምታለቅሺው ለማን ነው?»

ልጅቷ ንስሐ አባቴ ያሉትን ነው የደገመችው፤ እሷ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፣ አይታቸውም አታውቅ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነቀምቴ ገበያ ወጣሁ። የቅቤው ተራ ድሮ ከነበረበት ተነስቷል፤ ስፈልገው ብዙ ዞርኩ። ኦቦ ገመዳ ከሞቱ ዘመን ሆኗቸዋል፣ ወይዘሮ ብርቄ ከባሏ ጋር ወደ ሌላ አገር ተዛውራ ቀረች፣ ከስምንታችን በሕይወት ያለነው እኔና ኩለኒ ነን። ቅቤ የሚሸጡት የልጅ ልጆቼ እኩዮች ናቸው፣ ባለ ስልክ፣ ባለ ኤሌክትሪክ ሚዛን። መሃላቸው ቆሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ኩለኒ የምትባል ሴት እዚህ ገበያ ላይ ቀየጠች ተብላ ነበር፣ አልቀየጠችም፣ የቀየጥኩት እኔ ነኝ፣ በሐሰት የማልኩትም እኔ ነኝ አልኩ።

«ኩለኒ? የካርድ ሻጭዋ ኩለኒ?» አለች አንዷ።

«አይደለም፣ የድሮ ሰው ናት እያሉ ነው» አለች ሌላዋ። «አያቴ፣ ሙቀት ነው፣ ጥላው ውስጥ ይግቡ።»

«የማን እናት ናቸው? ሰው አብሯቸው የለም እንዴ?»

አንዷ፣ ደግ ልጅ፣ ተነስታ በርጩማዋን ሰጠችኝ። የነገርኳትን እንደገና አስደግማ ሰማችኝ። ሲገባት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ውይ እማማ፣ በዚህ ዕድሜ! እንዲህ ያለ ትሑት ሰው ዛሬ የት ይገኛል? በሞቴ ይመርቁኝ» ብላ አንገቷን ደፋችልኝ። ሌሎቹም ተከተሏት። ኩለኒ እንኳ አልተጠየቀችም፣ የት ነች፣ ምን ሆነች ያለ የለም። የተናገርኩት ሁሉ ዞሮ ለኔ ጠባይ ተቆጠረልኝ። ምን ላድርግ፣ እጄን ራሷ ላይ ጫንኩና፣ «አምኖ የሚጠብቅሽ ሰው ሲያይሽ፣ እግዚአብሔር አፍሽን ይክፈትልሽ» አልኳት። «አሜን» አለች። ወዲያው ገዢ መጣባት፤ ዞር ብላ፣ «ማርያምን፣ ንጹሕ ነው!» አለች። ንጹሕ ይሁን አይሁን አላውቅም። ክብሪት አልያዝኩም ነበር።

ስለዚህ ጻፍኩት። የልጅ ልጄ ፊደሌን አርማልኛለች፣ ነገሩን ግን እንዳትነካው አስጠንቅቄያታለሁ። ነቀምቴ ውስጥ እናቱ ወይም አያቱ በዚያ ዘመን ቅቤ የገዛች ሰው አይጠፋምና፣ ስለ ክብሪቷ ሴትዮ የሰማችሁት ክፉ ወሬ ካለ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ለሌንሴም አንድ ቅጂ እልክላታለሁ፤ ይቅር በይኝ ብዬ አይደለም፣ በእጇ እንዲሆን ነው። ኩለኒ አልቀየጠችም። የቀየጥኩት እኔ የሺ ነኝ። በዚህ ነገር አልምልም።